የጎተራው ቁጥር፦ የአማፂ ሠራዊት ብዛትና ስንቅ እንዴት ይገመታል?

የመደበኛ ጦር ብዛት ከመዝገብ ይገኛል። ወታደሩ ደመወዝ ይቀበላል፣ በስም ጥሪ ይሰለፋል፣ ቀለቡም ከመጋዘን በፊርማ ይወጣል። አማፂ ሠራዊት ግን እንዲህ አይቆጠርም። ቀን እርፍ ጨብጦ የዋለ ገበሬ ማታ ጠመንጃ ሊያነሳ ይችላል። ጠመንጃ ነክታ የማታውቅ እናትም ለተዋጊዎች እህል ተሸክማ ስትጓዝ ታድር ይሆናል። ከእነዚህ መካከል ወታደር ሊባል የሚገባው ማን ነው? ብዛታቸውስ ስንት ነው? የሚበሉትስ ከየት ይመጣል?

እነዚህ ጥያቄዎች በቬትናም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካን ጦርና የስለላ ተቋማት ለዓመታት አወዛግበዋል። ውዝግቡ በኋላ በምክር ቤትና በፍርድ ቤት ስለተመረመረና ምሥጢራዊ ሰነዶቹም ይፋ ስለወጡ፣ የአማፂ ኃይል ግምት እንዴት እንደሚሠራና እንዴት እንደሚሳሳት ለመረዳት ከሁሉ የተሻለ ምሳሌ ሆኖ ይገኛል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ግምቱ የሚቀዳባቸው ምንጮች

በደቡብ ቬትናም የነበረው የአሜሪካ ጦር እዝ መቀመጫው ሳይጎን ነበር። እዙ የቬትኮንግንና የሰሜን ቬትናምን ጦር የተመለከተ የጠላት ኃይል ዝርዝር እያዘጋጀ በየጊዜው ያሻሽል ነበር። አገሪቱ በአራት የጦር ቀጠናዎች ተከፍላለች። አንደኛው ቀጠና በሰሜን በኩል ከጦር ነጻ ከሆነው ወሰን ይጀምራል፤ አራተኛው ደግሞ ሩዝ አምራች የሆነውን የሜኮንግ ደለላማ ምድር ይይዛል። በየቀጠናው የትኛው ክፍለ ጦር የት እንዳለ፣ ስንት ሰው እንደያዘና ምን እንደታጠቀ በዝርዝሩ ይመዘገባል።

መረጃው የሚሰበሰበው ከተማረኩ ሰነዶች፣ ከምርኮኞችና እጃቸውን ከሰጡ ተዋጊዎች ቃል፣ ከተጠለፉ የሬዲዮ ግንኙነቶች እንዲሁም ከመንደር ወሬ አቀባዮች ነበር። እያንዳንዱ ምንጭ የየራሱ ጉድለት አለበት። የሬዲዮ ጠለፋ ሬዲዮ ያለውን ክፍል ብቻ ያሳያል፤ የመንደር ሚሊሻ ደግሞ ሬዲዮ የለውም። ምርኮኛ የሚያውቀው የራሱን ክፍል ነው። እጁን የሰጠ ሰው ጠያቂው ሊሰማ የሚፈልገውን ሊናገር ይችላል። የተማረከ ሰነድም ቢሆን የበታች ካድሬ ለበላዩ የጻፈው ሪፖርት በመሆኑ ቁጥሩ ያበጠ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ አንድ ቁጥር የሚታመነው ከሌላ ቁጥር ጋር ተመሳክሮ ሲታረቅ ነው። ከብት የሚያረባ ሰው የመንጋውን ብዛት ከተወለደው፣ ከሞተውና ከተሸጠው ጋር እንደሚያስተያይ ሁሉ፣ የሠራዊት ብዛትም ከገባውና ከወጣው ጋር መስማማት አለበት። በአንድ በኩል አዲስ ምልምሎችና ከሰሜን የሚገቡ ወታደሮች አሉ፤ በሌላ በኩል የሞቱ፣ የቆሰሉና የከዱ አሉ። የማዕከላዊ የስለላ ድርጅት (ሲአይኤ) ተንታኝ የነበረው ሳም አዳምስ በ1966 የከዱ ተዋጊዎችን ጉዳይ ሲያጠና ሒሳቡ አልገጥም አለው። የሚነገረው ኪሣራና ክዳት እውነት ከሆነ፣ በዝርዝሩ ላይ የሰፈረው ሠራዊት በጥቂት ጊዜ መመናመን ነበረበት። ውጊያው ግን አልቀዘቀዘም። እንግዲህ ወይ ኪሣራው ተጋኗል፣ ወይ ሠራዊቱ ከተገመተው በላይ ነው።

የቢን ዲን ሰነድ

አዳምስ መልሱን ያገኘ የመሰለው በነሐሴ ወር 1966 ነው። በማዕከላዊ ጠረፍ ከምትገኘው የቢን ዲን ጠቅላይ ግዛት የተማረከ የቬትኮንግ ሰነድ እጁ ገባ። ሰነዱ በግዛቷ ያሉትን ሽምቅ ተዋጊዎችና ሚሊሻዎች በየዓይነታቸው ይዘረዝራል። ድምራቸው ከ50 ሺህ በላይ ነበር። የአሜሪካ ጦር እዝ ዝርዝር ለዚያችው ግዛት የያዘው ግን 4 ሺህ 500 ገደማ ብቻ ነው። ከአሥር እጥፍ በላይ የሆነ ልዩነት በአንዲት ግዛት ታየ ማለት ነው፤ ደቡብ ቬትናም ደግሞ 44 ግዛቶች ነበሯት።

አዳምስ የሌሎች ግዛቶችን ሰነዶች ሲመረምርም ተመሳሳይ ነገር አየ። እዙ በአገር አቀፍ ደረጃ ከ300 ሺህ በታች የሚያደርገው የጠላት ኃይል እጥፍ ሊሆን እንደሚችል ለአለቆቹ ጻፈ። የእዙ ቁጥር ስለ መደበኛ ክፍሎች በየጊዜው ቢታደስም፣ ስለ ሽምቅ ተዋጊውና ስለ ሚሊሻው የያዘው ግን የቆየና ያልተመረመረ አኃዝ መሆኑን ደረሰበት።

ማን ይቆጠራል?

ክርክሩ ከዚህ በኋላ ከብዛት ወደ ትርጉም ተሻገረ። የቬትኮንግ አደረጃጀት እንደ መሰላል ነበር። ከላይ በክፍለ ጦርና በሻለቃ የተደራጀ ዋና ኃይልና የየግዛቱ ኃይል አለ። ቀጥሎ ስንቅ አመላላሽ፣ ሐኪምና መልእክተኛ የሆነው የአገልግሎት ክፍል ይመጣል። ከዚያ በወረዳና በመንደር የሚንቀሳቀሰው ሽምቅ ተዋጊ አለ። ከሥሩ ራሱን የሚከላከለው የመንደር ሚሊሻ ይገኛል፤ ከአባላቱ ብዙዎቹ ሽማግሌዎች፣ ሴቶችና ለጋ ወጣቶች ሲሆኑ የጦር መሣሪያ የያዙት ጥቂቶች ነበሩ። ከሁሉም ጎን ደግሞ ግብር የሚሰበስበውና ሰው የሚመለምለው የፖለቲካ ካድሬ ነበር።

የጦር እዙ መኮንኖች ሚሊሻው ከመንደሩ የማይርቅ፣ ለማጥቃት የማይሰለፍ ስለሆነ እንደ ወታደር ሊቆጠር አይገባም ይሉ ነበር። ይህ አመለካከት ምክንያት አልባ አይደለም። አንድን የ60 ዓመት ጉድጓድ ቆፋሪ ከሠለጠነ እግረኛ ጋር በአንድ ድምር ማስገባት ኃይሉን አጋኖ ያሳያል። አዳምስና ባልደረቦቹ በበኩላቸው፣ ፈንጂ የሚቀብረው፣ የተሳለ የቀርከሃ ችካል በመንገድ ላይ የሚተክለው፣ የአሜሪካ ወታደሮች ሲመጡ ምልክት የሚሰጠው ይኸው ሚሊሻ መሆኑን ያነሱ ነበር። በፈንጂና በወጥመድ የሚሞቱና አካላቸው የሚጎድል ወታደሮች ብዙ እስከሆኑ ድረስ፣ ያንን ያደረገውን ሰው ከዝርዝር ማውጣት አይቻልም ሲሉ ተከራከሩ።

ሌላም አለመጣጣም ነበር። የሞተ ሚሊሻ ወይም እህል ተሸካሚ ሬሳው በጦር ሜዳ ሲገኝ እንደ ጠላት ወታደር ይቆጠራል። በሕይወት ሳለ ግን በዝርዝሩ ውስጥ የለም። ከማይቆጠር መንጋ የሞተውን ብቻ የሚቀንስ ሒሳብ ደግሞ ሠራዊቱ ሳያልቅ ያለቀ ያስመስለዋል።

ስንቁ ሲሰላ

የሠራዊትን ብዛት ለመፈተሽ ከሚያገለግሉት መንገዶች አንዱ ሆዱን መቁጠር ነው። ለምሳሌ ያህል አንድ ተዋጊ በቀን 700 ግራም ሩዝ ይበላል እንበል። አንድ ሺህ ተዋጊዎች በቀን 7 ኩንታል፣ በዓመት ደግሞ 2 ሺህ 555 ኩንታል ያስፈልጋቸዋል። ይህ የተፈለፈለ ሩዝ ነው። የፎገራ ሩዝ አምራቾች እንደሚያውቁት ሩዝ ሲፈለፈል ከክብደቱ ሲሶ ያህሉ ይቀንሳል። ከመቶው 65 እጅ ይቀራል ብለን ብናሰላ፣ ከማሳ መውጣት ያለበት 3 ሺህ 930 ኩንታል ገደማ ይሆናል። በዚያ ዘመን የደቡብ ቬትናም አማካይ ምርት በሔክታር 20 ኩንታል ገደማ ስለነበረ፣ አንድ ሺህ ሰው ለመቀለብ ወደ 200 ሔክታር የሚጠጋ ማሳ ይጠይቃል።

ሆኖም ገበሬው ምርቱን ሁሉ አይሰጥም፤ እርሱም ቤተሰቡን ይመግባል፣ ዘር ያስቀምጣል። የቬትኮንግ የእህል ግብር እንደ አካባቢውና እንደ ቤተሰቡ ምርት ይለያይ ነበር። ለስሌት እንዲመች ከአሥር አንዱን እንውሰድ፤ በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን ለሠራዊቱ ቀለብ እንዲውል የተደረገው አሥራትም በዚሁ ልክ ነበር። በዚህ መጠን ከሄድን ለአንድ ሺህ ተዋጊዎች የዓመት ቀለብ የ2 ሺህ ሔክታር ያህል ማሳ ግብር ያስፈልጋል። አንድ አማፂ ኃይል በአንድ ቀጠና ውስጥ ስንት ሰው ማኖር እንደሚችል ከማሳው ስፋት፣ ከምርቱና ከሚቆጣጠራቸው መንደሮች ብዛት መገመት የሚቻለው በዚህ መንገድ ነው።

ውጤቱም እንደ ቀጠናው ይለያያል። በሜኮንግ ደለል ምድር ሩዝ ስለሚትረፈረፍ ተዋጊው የሚበላውን በአቅራቢያው ያገኛል። በማዕከላዊው ደጋ ግን ሩዝ እጥረት ስላለ፣ እዚያ የሰፈሩት የሰሜን ቬትናም ክፍሎች ብዙውን ቀለባቸውን ከጎረቤት ካምቦዲያ ገዝተው ያስገቡ ነበር። በጠረፉ ጠባብ ሜዳዎች ደግሞ መሬቱ ለም ቢሆንም ሕዝቡ የተጨናነቀ በመሆኑ የሚተርፈው ጥቂት ነው። ስለዚህ ለመላው አገሪቱ አንድ ወጥ የቀለብ ሒሳብ መሥራት ያሳስታል።

ስሌቱ ግን አንድ ትልቅ ቀዳዳ አለበት። ሚሊሻው ቤቱ ነው የሚበላው። ከግብር መጋዘን አይወጣለትም፣ በትከሻ አይጫንለትም፣ በመንገድም አይታይም። መቶ ሺህ የመንደር ሚሊሻ ቢጨመር የስንቅ ፍሰቱ ላይ ምልክት አያሳይም። ስለዚህ የሚንቀሳቀሰው ስንቅ ማነሱ ሠራዊቱ ትንሽ መሆኑን አያረጋግጥም። የተዋጊው ጎተራ የገበሬው ጎተራ ራሱ ሊሆን ይችላልና።

ከውጭ የሚገባው

ከምግብ ውጭ ያለው ፍላጎት ጥይት፣ ፈንጂ፣ መድኃኒትና የመሣሪያ መለዋወጫ ነው። የመከላከያ ሚኒስትሩ ሮበርት ማክናማራ በነሐሴ 1967 ለአሜሪካ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ንዑስ ኮሚቴ ሲያስረዱ፣ በደቡብ ያለው የጠላት ኃይል በወቅቱ የውጊያ መጠን ከምግብ ሌላ ከውጭ የሚያስፈልገው በቀን 15 ቶን ብቻ እንደሆነ ተናገሩ። አምስት እጥፍ ቢሆን እንኳ በጥቂት የጭነት መኪኖች ሊመላለስ እንደሚችልም ገለጹ። ማብራሪያው የቀረበው ሰሜን ቬትናምን በአየር በመደብደብ ብቻ ስንቁን ማቋረጥ እንደማይቻል ለማሳየት ነበር።

ቁጥሩ ትንሽ የሆነበት ምክንያት ግልጽ ነው። አማፂው ሲፈልግ ይዋጋል፣ ሳይፈልግ ይደበቃል። ጥይት የሚያልቀው በሚዋጋባቸው ቀናት ነው፤ እነዚህን ቀናት ደግሞ በአብዛኛው የሚመርጠው እርሱ ነው። በዚህ ምክንያት የስንቅ ግምት ከሰው ብዛት በተጨማሪ የውጊያውን ድግግሞሽ መያዝ አለበት። በዝግታ ወራት የተሰላ 15 ቶን ለትልቅ ዘመቻ ተከማችቶ ከቆየው ጋር አንድ አይደለም።

ስንቁ የሚገባበት መንገድም ራሱን የቻለ ክርክር ነበር። ሰሜን ቬትናም በ1959 ያቋቋመችው ቡድን 559 በላኦስ በኩል የሆ ቺ ሚን መንገድ የሚባለውን የመተላለፊያ መረብ ዘረጋ። ከ1966 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ የጦር መሣሪያ በመርከብ ወደ ካምቦዲያው የሲሃኑክቪል ወደብ እየገባ፣ ከዚያ በጭነት መኪና ወደ ድንበር ይጓዝ ጀመር። የጦር እዙ በዚህ ወደብ የሚገባው ብዙ ነው ሲል፣ ሲአይኤ ግን የላኦሱ መንገድ በቂ ስለሆነ የወደቡ ድርሻ አነስተኛ ነው ይል ነበር። በመጋቢት 1970 ልዑል ሲሃኑክ ከሥልጣን ከተወገዱ በኋላ የተገኙት የጭነት ሰነዶች በወደቡ ከ20 ሺህ ቶን በላይ የጦር መሣሪያና ቁሳቁስ መግባቱን አሳዩ። በዚህ ጉዳይ ወደ እውነቱ የቀረበው ጦሩ ነበር። በቢን ዲን ቁጥር ጦሩን የተቸው ተቋም በሲሃኑክቪል ራሱ ተሳሳተ። የግምት ትክክለኛነት በተቋም ስም እንደማይወሰን ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር የለም።

ቁጥሩ አስቀድሞ ሲወሰን

በ1967 የአሜሪካ ሕዝብ ጦርነቱ ወዴት እየሄደ እንደሆነ አጥብቆ ይጠይቅ ነበር። የጦር እዙ አዛዥ ጄኔራል ዊልያም ዌስትሞርላንድ የጠላት ኪሣራ ሊተካው ከሚችለው በላይ የሆነበት ነጥብ ላይ ተደርሷል የሚል እምነት ነበራቸው። በዚህ ሰዓት የጠላት ብዛት በመቶ ሺህ ጨምሯል የሚል ዘገባ ቢወጣ የሚያስከትለው ግራ መጋባት ለማንም ግልጽ ነው።

በነሐሴ 1967 ምክትል አዛዡ ጄኔራል ክሬይተን አብራምስ ወደ ዋሽንግተን በላኩት መልእክት፣ ሚሊሻው ከተካተተ ድምሩ ከ420 ሺህ እስከ 431 ሺህ እንደሚደርስ፣ ለጋዜጠኞች የተነገረው ግን 299 ሺህ እንደሆነ ጠቅሰው፣ ሚሊሻው እንዲወጣ አሳሰቡ። ጋዜጦች የተሳሳተና ጨለማ የሆነ ድምዳሜ ላይ ይደርሳሉ የሚል ስጋት ነበራቸው።

በመስከረም ሳይጎን ላይ በተካሄደው ስብሰባ የሲአይኤ ልዑካን መሪ ጆርጅ ካርቨር በመጨረሻ የእዙን አቋም ተቀበሉ። ኅዳር 13 ቀን 1967 የወጣው ብሔራዊ ግምት መደበኛውን ተዋጊ 118 ሺህ፣ የአገልግሎት ክፍሉን ከ35 እስከ 40 ሺህ፣ ሽምቅ ተዋጊውን ከ70 እስከ 90 ሺህ አደረገ። ድምሩ ከ223 እስከ 248 ሺህ ሆነ። የፖለቲካ ካድሬው ለብቻው ተቀመጠ። ሚሊሻው በቃል ተገለጸ እንጂ ቁጥር አልተሰጠውም።

ይህ ከሆነ ሦስት ወር ሳይሞላ፣ በጥር 1968 መጨረሻ፣ በቬትናማውያን አዲስ ዓመት በቴት ዕለት፣ ከ44ቱ የግዛት ዋና ከተሞች 36ቱ ጥቃት ደረሰባቸው። የቢን ዲን ዋና ከተማ ኩዊ ኞን ከመጀመሪያዎቹ መካከል ነበረች። አጥቂው በጦር ሜዳ ከባድ ኪሣራ ቢደርስበትም፣ ጠላት ተዳክሟል ሲባል የሰነበተው የአሜሪካ ሕዝብ እምነት ተናጋ።

ዕዳው የወደቀበት ገበሬ

የቁጥሩ ክርክር በሳይጎንና በዋሽንግተን ቢካሄድም ዋጋው የሚከፈለው በማሳ ላይ ነበር። አማፂው የሚበላው ከገበሬው ነው ከተባለ ሰብሉን ማጥፋት አማፂውን ያስርባል የሚል ስሌት ተያዘ። ከ1962 እስከ 1971 በቆየው፣ ራንች ሀንድ በተባለው የኬሚካል ርጭት ዘመቻ፣ ከደን በተጨማሪ የሩዝና የሌሎች ሰብሎች ማሳዎች ተረጭተዋል። ለሩዝ የዋለው ኤጀንት ብሉ የተባለው አርሴኒክ ያለበት ኬሚካል ነበር።

ራንድ የተባለው የጥናት ተቋም በ1967 ውጤቱን ሲመረምር፣ ጉዳቱ የወደቀው በተዋጊው ላይ ሳይሆን በገበሬው ላይ መሆኑን ደረሰበት። ምክንያቱ ከላይ ካየነው የቀለብ ሒሳብ ይገኛል። ተዋጊው ከአንድ ማሳ የሚወስደው ጥቂቱን ነው፤ የቀረው የገበሬው ነው። ማሳው ሲቃጠል ተዋጊው ከሌላ መንደር ግብር ይሰበስባል። ገበሬው ግን የሚሄድበት ሌላ ማሳ የለውም። ሰብሉን ያጣው ገበሬም ቂሙ ለረጨው ወገን እንጂ ለግብር ሰብሳቢው አልሆነም። እስከ 1964 ድረስ ሩዝ ለውጭ ገበያ ታቀርብ የነበረችው ደቡብ ቬትናም በጦርነቱ ሳቢያ ሩዝ ከውጭ የምታስገባ አገር ሆነች።

እዚህ ላይ የሒሳቡ ስሕተት በግልጽ ይታያል። የመንደሩ ሰው ስንቅ አቅራቢ ነው ሲባል ሰብሉ እንደ ጠላት ሰብል ይቆጠራል። የሠራዊቱ ድምር ሲሠራ ግን ከዝርዝሩ ይወጣል። ሲሞት ተመልሶ ይገባል። አንድ ሰው በሦስት መዝገብ ሦስት ዓይነት ሰው ሆኖ ሲገኝ የመዝገቡ አኃዝ ለየትኛውም ውሳኔ መሠረት ሊሆን አይችልም።

ከፍርድ ቤት በኋላ

አዳምስ በ1973 ከሲአይኤ ከለቀቀ በኋላ ታሪኩን በ1975 በመጽሔት አወጣ። ሲቢኤስ ቴሌቪዥን በጥር 1982 ጉዳዩን በዘጋቢ ፊልም ሲያቀርብ ዌስትሞርላንድ የ120 ሚሊዮን ዶላር የስም ማጥፋት ክስ መሠረቱ። ክሱ በ1984 መታየት ጀመረ። በችሎቱ የቀድሞው የመረጃ መምሪያ ኃላፊ ጄኔራል ጆሴፍ ማክሪስቲያን፣ ከፍ ያለውን ቁጥር በ1967 ለአዛዡ ሲያቀርቡ የፖለቲካ ስጋት እንደተነሳ መሰከሩ። ዌስትሞርላንድ ምንም ነገር አልደበቅሁም፣ ልዩነቱ ሚሊሻው ወታደር ነው አይደለም የሚል የሙያ ክርክር ነበር አሉ። በየካቲት 1985 ከዳኝነት በፊት ክሱን አነሱ፤ ሲቢኤስም ጄኔራሉ ለአገራቸው ታማኝ አልነበሩም የማለት ሐሳብ እንዳልነበረው ገለጸ። ታሪክ ጸሐፊዎች እስከ ዛሬ በሁለት ወገን ይከራከራሉ።

ክርክሩ ባይቋጭም ከሒሳቡ የሚወሰዱ መመዘኛዎች አሉ። የአማፂ ኃይል ግምት ሲቀርብ ድምሩን ብቻ ሳይሆን ማን እንደተካተተና ማን እንደወጣ መጠየቅ ይገባል። ከሚቆጠሩት ወገኖች ሰው ሲሞት ብቻ የሚመዘገብ ካለ ሚዛኑ ተዛብቷል። የአንዱ ቀጠና ቁጥር ከማሳው፣ ከሕዝቡና ከመንገዱ ጋር ተነጻጽሮ መታየት አለበት። የስንቅ ግምት ሲነገርም በየትኛው የውጊያ መጠን እንደተሰላ መታወቅ አለበት። ከሁሉ በላይ ግን ቁጥሩ ከመሰብሰቡ በፊት ተፈላጊው መልስ የታወቀ ከሆነ፣ የሚቆጠረው የጠላት ብዛት መሆኑ ቀርቶ የቆጣሪው ምኞት ይሆናል። በቢን ዲን መንደሮች የነበሩት ሰዎች በሳይጎን ዝርዝር ቢሰፍሩም ባይሰፍሩም እዚያው ነበሩ፤ ያርሱ፣ ግብር ይከፍሉ፣ ይቀብሩም ነበር።